ማንዶሊንም እንደ ክራር ይቃኝ

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከረማችሁ? እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የክር መሣሪያ በመጠገን የምተዳደር የጋዜጣችሁ አንባቢ ነኝ። ጊታር፣ ክራር፣ ቫዮሊን፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ማንዶሊን እጄ ይገባል። ባለፈው እትማችሁ የኪነ ጥበብ ገጽ ላይ ስለ ሙዚቃ መሣሪያዎች የወጣውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዙ ደክመውበታል፤ ያስታውቃል። አንዱ ነገራቸው ግን አላስተኛ አለኝ። «ማንዶሊን ከገበያው የወጣው የፈረንጅ መሣሪያ ስለሆነና ለቅኝቶቻችን ስለማይመች ነው» ብለዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚህ አልስማማም።

መጀመሪያ ነገር፣ ማንዶሊን እዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የኛ ሰው ማንዶሊን ሲባል አየለ ማሞን ያስታውሳል። እሳቸው ያንን መሣሪያ ይዘው የሀገራችንን ዜማ ሲጫወቱ የሰማ ሰው «ለቅኝታችን አይመችም» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ትሬሞሎው፣ ማለትም አንዱን ድምፅ በፒክ (በክር መምቻው) እየደጋገሙ ማንቀጥቀጡ፣ ለትዝታ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ይሄዳል። ክራር ሲመቱት ድምፁ ቶሎ ይሞታል። ማንዶሊን ግን በትሬሞሎ ድምፁን እንደ ማሲንቆ ያስረዝመዋል።

ታዲያ ወጣቶች ማንዶሊን ገዝተው ከጥቂት ወር በኋላ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ለምንድን ነው? እኔ ዘንድ ከሚመጡት እንደማየው ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው አቃኘቱ ነው። ሁለተኛው ክሩ ነው። ሁለቱም መፍትሔ አላቸው፤ መፍትሔያቸው ደግሞ ውድ አይደለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ትንሽ ከረዘመብኝ ታገሡኝ።

ማንዶሊን ስምንት ክር አለው። ሁለት ሁለት እየሆኑ አራት ጥንድ ናቸው። ከወፍራሙ ሲጀመር ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብሎ ይቃኛል፤ ልክ እንደ ቫዮሊን። ወፍራሙ ሶል 196 ኸርዝ፣ ቀጭኑ ሚ ደግሞ 659 ኸርዝ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ትምህርት፣ ስልክ ላይ የሚጫነው መቃኛ አፕ፣ ክሩ የመጣበት ፓኬት፣ ሁሉም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ልጁም ሌላ መንገድ ያለ አይመስለውም።

አሁን አንድ የክራር ተጫዋች አስቡ። ትዝታ ተጫውቶ ሲጨርስና ወደ ባቲ ሲሄድ ምን ያደርጋል? ክራሩን መልሶ ይቃኛል። አንቺሆዬ ሲመጣም እንደገና ይቃኛል። ክሮቹ አምስት ወይም ስድስት ስለሆኑ በየቅኝቱ ቦታቸውን መቀየር አለባቸው። ይህ ለሱ ጣጣ ሳይሆን የሙያው አካል ነው። ሕዝቡም ይጠብቀዋል፤ እንዲያውም ያ የመቃኘት ድምፅ ለቀጣዩ ዘፈን ጆሮን ያዘጋጃል። ያው ልጅ ማንዶሊን ሲይዝ ግን ቁልፎቹን መንካት ይፈራል። «ፈረንጅ እንዲህ ብሎ ሠርቶታል» ብሎ ይተወዋል። ክራር ላይ የተፈቀደው ማንዶሊን ላይ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

ነገሩን በተግባር ላሳያችሁ። ፋብሪካው በሰጠን አቃኘት፣ በሶል–ሬ–ላ–ሚ፣ መነሻችንን ሶል ብናደርግ ትዝታ ሜጀር ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ነው። አራቱም ጥንዶች ሳይያዙ ቢመቱ የሚሰጡት ድምፅ ቅኝቱ ውስጥ አለ። ስለዚህ በሶል ትዝታ ለመጫወት ምንም መንካት አያስፈልግም። ጸሐፊው «አይመችም» ያሉት መሣሪያ ከሳጥኑ ሲወጣ ትዝታ ተቃኝቶ ነው የሚወጣው ማለት ይቻላል። ትዝታ ማይነር ላይ ስንመጣ ግን ሚ ወደ ሚ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ወዳለችው ሚ) ይወርዳል፤ ያኔ ቀጭኑ ጥንድ ሳይያዝ ከተመታ ዜማውን ያበላሸዋል። ችግሩ እዚህ ይጀምራል።

ብዙ ድምፃውያን ደግሞ በሬ መዝፈን ይመቻቸዋል እንበል። መነሻችን ሬ ሲሆን አምባሰል ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት ይሆናል። ከአራቱ ጥንዶች ሦስቱ፣ ሶል፣ ሬና ላ፣ ቅኝቱ ውስጥ አሉ። የሚያስቸግረው ቀጭኑ ሚ ብቻ ነው። እሱን አንድ ሙሉ ቶን (አንድ የድምፅ እርከን) ዝቅ አድርጎ ሬ ማድረግ ነው፤ አለቀ። ሶል–ሬ–ላ–ሬ። አሁን በፈለጋችሁት ሰዓት ክፍት ክር፣ ማለትም ጣት ያላረፈበትን፣ ብትመቱ ከዜማው ጋር ይስማማል። ባቲም በዚሁ ይሄዳል። ባቲ ማይነር ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ነው፤ ባቲ ሜጀር ደግሞ ሬ፣ ፋ ሻርፕ (ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለች ፋ)፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ሻርፕ። ሁለቱም ውስጥ ሶል፣ ሬና ላ አሉ፤ ሁለቱም ውስጥ ሚ የለችም። አንዲት ጥንድ በማውረድ ብቻ ሦስት ቅኝት በእጃችሁ ገባ።

ትዝታ ሜጀር በሬ ከሆነ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ፣ ሲ ነው። እዚህ ላይ ሶል የለችም። ስለዚህ ወፍራሙን ጥንድ ወደ ላ ከፍ፣ ቀጭኑን ወደ ሬ ዝቅ ታደርጋላችሁ። ላ–ሬ–ላ–ሬ ሆነ። ይህን አቃኘት ጀማሪ ሁሉ አንድ ቀን ቢሞክረው ደስ ይለኛል። ሬው ጥንድ ላይ ክፍቱን፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን ፍሬት (አንገቱ ላይ የተተከለውን የብረት መስመር) ይዛችሁ ምቱ። ከዚያ ወደ ላው ጥንድ ተሻገሩና ክፍቱንና ሁለተኛውን ፍሬት ምቱ። ከዚያ ቀጭኑን ክፍቱን። ሙሉ ትዝታ ነው። ከሁለተኛና ከአራተኛ ፍሬት ውጪ ጣት የሚያርፍበት ቦታ የለም። ደግሞም የላይኞቹ ሁለት ጥንዶች የታችኞቹ ድጋሚ ስለሆኑ ታች የተለማመዳችሁት አያያዝ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ሳይለወጥ ይሠራል። እኔ ጋ መሣሪያ ሊያሠሩ የመጡ ልጆች ይህን ሳሳያቸው ፊታቸው ሲበራ አያለሁ።

አንቺሆዬ ግን ለብቻው ነው። በሬ ሲሆን ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ሲ ነው። ልብ በሉ፤ ላ የለችም፤ ያለችው ላ ፍላት ናት። ቅድም የተመቸን ክፍት ላ አንቺሆዬ ላይ ዋናው ጠላት ሆነ ማለት ነው። ብዙ ሰው ማንዶሊን ላይ አንቺሆዬን ሞክሮ «አይሆንም» ብሎ የሚተወው በዚህ ይመስለኛል። መፍትሔው ላውን ጥንድ ወደ ሶል ማውረድ ነው። ሶል–ሬ–ሶል–ሬ። አሁን ሬው ላይ ክፍትና አንደኛ ፍሬት፣ ሶሉ ላይ ክፍት፣ አንደኛና አራተኛ ፍሬት፣ ከዚያ ቀጭኑ ሬ ክፍት። ያ የሚያሳዝነው፣ ውስጥን የሚበላው የአንቺሆዬ ድምፅ ይወጣል። ፍሬት ያለው መሣሪያ የድሮ አዝማሪ በጆሮው የሚያስቀምጣትን ረቂቅ ልዩነት ሁሉ አይሰጥም፤ ይህን አምናለሁ። ግን ፒያኖም ኪቦርድም አይሰጡም፤ እነሱን ማንም «ለቅኝታችን አይመቹም» ብሎ ከመድረክ አላወረዳቸውም።

ይህን ስል ከራሴ የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ። ሌላውም ዓለም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የግሪኩ ቡዙኪ፣ የማንዶሊን ዘመድ ልንለው የምንችለው ረጅም አንገት ያለው መሣሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ አየርላንድ ሲገባ እንዳለ አልተወሰደም። ጆኒ ሞይኒሃን የተባለው ሙዚቀኛ ሶል–ሬ–ላ–ሬ አድርጎ ቃኘው፤ ለአይሪሽ ዜማም ተመቸ። ልክ እኛ ለአምባሰልና ለባቲ እንዳልነው ማለት ነው። ግሪኮቹ ራሳቸው ባለ ሦስት ጥንዱን ሬ–ላ–ሬ እያሉ ሲቃኙ ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማኖሊስ ኪዮቲስ ባለ አራት ጥንዱን አስለመደ፤ እሱ ደግሞ ዶ–ፋ–ላ–ሬ ነው። በአሜሪካ ደቡብ ተራሮች የቫዮሊንና የማንዶሊን ተጫዋቾች ላ–ሚ–ላ–ሚ ይላሉ። የብሉግራስ አባት የሚባለው ቢል ሞንሮ ጭራሽ ጥንዱን ራሱ ለያይቶ፣ አንዱን ክር በአንድ ድምፅ ጎረቤቱን በሌላ ድምፅ ቃኝቶ ተጫውቷል። ሁሉም መሣሪያውን ወደ ዜማቸው አመጡት። እኛም መሣሪያውን ወደ ዜማችን ማምጣት መብታችን ነው።

አሁን ወደ ክሩ ልምጣ። የኔ እንጀራ እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ክር ሲገዛ የሚታየው ውፍረቱ ነው። የሚለካውም በኢንች ሺህኛ ነው። ባለ 11 ማለት ውፍረቱ የኢንች 11 ሺህኛ ማለት ነው። የተለመደው መካከለኛ የማንዶሊን ክር ከቀጭኑ ሲጀምር 11፣ 15፣ 26፣ 40 ነው። ቀላል የሚባለው ደግሞ 10፣ 14፣ 24፣ 38። ልዩነቱ ለዓይን ኢምንት ነው። ለእንጨቱ ግን ኢምንት አይደለም። ስምንቱ ክሮች በልካቸው ሲወጠሩ መካከለኛው ወደ 80 ኪሎ፣ ቀላሉ ወደ 70 ኪሎ የሚጠጋ ጉተታ አንገቱ ላይ ያሳድራሉ። ያንን የሚሸከመው ያች ትንሽ ሣጥን ናት።

አቃኘት ሲቀየር ጉተታው ይለወጣል። አንድን ክር አንድ ሙሉ ቶን ከፍ ስታደርጉት ውጥረቱ በሩብ ያህል፣ 26 በመቶ፣ ይጨምራል። አንድ ቶን ዝቅ ስታደርጉት 21 በመቶ ይቀንሳል። በላ–ሚ–ላ–ሚ ሁለቱ ወፍራም ጥንዶች ከፍ ስለሚሉ መካከለኛ ክር ላይ 80 የነበረው ጉተታ 90 ኪሎ ይደርሳል። በዚህ ላይ የድሮ መሣሪያ ከሆነ አደጋ ነው። እኔ ያሳየኋችሁ ላ–ሬ–ላ–ሬ ግን አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ ስለሚያደርግ ድምሩ ብዙም አይለወጥም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ወፍራሙ ጥንድ ብረት ይሆንባችኋል፤ ቀጭኑ ደግሞ ይላላና በፒክ ሲመቱት ይንቀጫቀጫል፤ ጠንከር ብለው ከመቱት ድምፁ ከቦታው ይወጣል። ስለዚህ በዚህ አቃኘት የሚቆይ ሰው ክሩንም አብሮ ይቀይር። ወፍራሙ ላይ በ40 ፋንታ 36፣ ቀጭኑ ላይ በ11 ፋንታ 12 ይድረግበት። መሐሉ 26ና 15 እንዳለ ይቀመጥ። ያኔ አራቱም ጥንዶች ከእጅ በታች እኩል ይሰማሉ። ለሶል–ሬ–ላ–ሬ ከሆነ ቀጭኑን ብቻ ወደ 12 መቀየር ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ጠንቀቅ በሉ። ቀጭኑን ሚ ከፍ አታድርጉት። ሚ ራሱ በማንዶሊን ርዝመት ላይ ወደ ብረቱ መበጠሻ የተጠጋ ነው። «ወፍራም ክር ባደርግበትስ?» የሚለኝ ሰው አለ። አይረዳም። ክር ሲወፍር ጥንካሬው ይጨምራል፤ ያንን ድምፅ ለማውጣት የሚያስፈልገው ውጥረትም እኩል አብሮ ይጨምራል። የመበጠሱ ነገር በውፍረቱ አይወሰንም፤ በርዝመቱና በድምፁ ከፍታ ነው። ስለዚህ ቀጭኑ ጥንድ የሚሄድበት መንገድ ወደ ታች ብቻ ነው። ደግነቱ የኛ ቅኝቶች የሚፈልጉትም ወደ ታች ነው።

በቅርቡ አንድ ወጣት በብርድ ልብስ የጠቀለለ ማንዶሊን ይዞልኝ መጣ። የአያቱ ነው። ጀርባው ክብ ነው፤ የናፖሊ ዓይነት። ቀጫጭን የእንጨት ቁራጮች እየተያያዙ የተሠራ፣ ሆዱ ላይ ደግሞ ለድምፅ ቀዳዳው ጌጥ የተደረገለት፣ እጅግ የሚያምር ነገር። ብርኩማው (ሆዱ ላይ ቆሞ ክሮቹን የሚሸከመው እንጨት) ያረፈበት ቦታ ግን ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ክሮቹ 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍ ከማለታቸው የተነሳ እርሳስ ታችኛቸው ያልፋል። ያደረገበትን ክር ስለካው የአኮስቲክ ጊታር ክር ነው፤ ወፍራሙማ ለማንዶሊን ከልክ ያለፈ። ከሱቅ ሲገዛ «ክር ክር ነው፤ ይሆንልሃል» ተብሎ የተሸጠለት ነው። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ የተሰጠውን ነው የገጠመው። አሁን የዚያን መሣሪያ ሆድ ከውስጥ እየደገፍኩለት ነው። ይድናል ብዬ አምናለሁ፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል።

ክብ ጀርባ ያላቸው እነዚህ መሣሪያዎች ፊታቸው ስስ ነው። የአሜሪካው ጠፍጠፍ ያለ ጀርባ፣ በተለይ የጊብሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጣው ኤፍ 5 እና የሱ ቅጂ የሆኑት፣ ፊታቸው እንደ ቫዮሊን ተቀርጾ ጎበጥ ያለና ከሥር በእንጨት የተደገፈ ስለሆነ መካከለኛ ክር ይችላሉ። ክብ ጀርባው አይችልም። ለሱ ከ9 ወይም ከ10 የሚጀምር ስስ ክር ብቻ። ቤታችሁ የአያት የቅድመ አያት ማንዶሊን ያላችሁ አንባቢዎች፣ እባካችሁ ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩት። ፊቱን ወደ ብርሃን አጋድማችሁ ከጎን ተመልከቱ። ብርኩማው ዙሪያ ጎድጎድ ብሎ ከታያችሁ ክሮቹን ዛሬውኑ አላሏቸው። ሳይጫወቱ ማስቀመጥ ከሆነም አንድ ሁለት ቶን ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

«የማንዶሊን ክር ከየት እናምጣ?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። እውነት ነው፤ እንደልብ አይገኝም። የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ግን ይገኛል። ከ10 እስከ 46 የሚለውን ፓኬት ሁለት ግዙ። ውስጡ 10፣ 13፣ 17፣ 26፣ 36፣ 46 አለ። ሁለት ፓኬት ስለሆነ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ነው። 10ን ለሚ፣ 13ን ለላ፣ 26ን ለሬ፣ 36ን ለሶል። ይኸው ቀለል ያለ የማንዶሊን ክር ሆነ። ላው ጥንድ ትንሽ ይላላል፤ ባለ 14 ነጠላ ክር ከተገኘ እሱ ይሻላል። ለላ–ሬ–ላ–ሬ ስትፈልጉ 36ቱ ወደ ላ ከፍ ሲል በትክክል ይመጥናል። ለአንቺሆዬ ላውን ጥንድ ወደ ሶል ስታወርዱ ደግሞ ያ የተረፈው 17 ልክ የሱ ቦታ ነው። የሚተርፈው 46ቱ ብቻ ነው።

የጊታር ክር ጫፉ ላይ ትንሽ የነሐስ ቀለበት፣ «ኳስ» የምንላት፣ አለችው። ማንዶሊን ግን ክሩ የሚታሰርበት ግርጌው ላይ መንጠቆ ነው ያለው፤ ባዶ ዙር ይፈልጋል። ስለዚህ ኳሷን ማውጣት ነው። ኳሷን በፒንሳ ከጎንና ከጎኗ ያዙ፤ ክሩ የተጠመዘዘበትን አንገት ሳትነኩ። ቀስ እያላችሁ ጨምቁ። ነሐሱ ለስላሳ ስለሆነ ይሰነጠቅና ይከፈታል፤ ከዚያ ቁርጥራጩን አውጥታችሁ ባዶው ዙር ይቀራል። መነጽር አድርጉ፤ ቁራጩ ሊፈናጠር ይችላል። ዙሩን መንጠቆው ላይ ስታስገቡ ጥምዝማዙ እንዳይፈታ ክሩን በትንሹ ወጠር አድርጋችሁ ያዙ። ይህን ከለመዳችሁት ስምንቱን ለመጨረስ ጊዜ አይፈጅም።

ድምፁስ? የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ወፍራሞቹ ላይ የተጠቀለለው በብዛት በኒኬል የተለበጠ ብረት ነው። ከነሐስ ይልቅ ድምፁ ለስለስ፣ ጠቆር ይላል። ለትዝታ እኔ እንዲያውም እወደዋለሁ። ለማንዶሊን ተብለው የሚሠሩት በብዛት ፎስፈር ብሮንዝ ናቸው፤ ዳዳሪዮ እ.ኤ.አ. በ1974 ያስተዋወቀው ዓይነት። ደማቅ ነው፤ ብዙ ሰው መሐል ሲጫወቱ ይለያል። 80/20 የሚባለው፣ 80 እጁ መዳብ 20 እጁ ዚንክ የሆነው፣ መጀመሪያ ላይ የበለጠ ይጮሃል፤ ግን ቶሎ ይጠቁራል፤ በተለይ እጁ የሚያልበው ሰው ላይ። ስቱዲዮ ለሚቀዳ ደግሞ ጥቅልሉ ጠፍጣፋ የሆነ ክር አለ፤ የቪየናው ቶማስቲክ የሚሠራው የታወቀ ነው። ዋጋው ይወደዳል፤ ጣት ከፍሬት ፍሬት ሲንሸራተት የሚያሰማው ጩኸት ግን የለውም፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። አንድ ማንዶሊን ይዞ ከባህላዊ ዘፈን ጋር መቅዳት ለሚፈልግ ሰው ገንዘቡ ካለው ይህን እመክራለሁ።

ክር ስትቀይሩ ሁሉንም በአንዴ አትፍቱ። የማንዶሊን ብርኩማ በሙጫ አልተያዘም፤ የክሮቹ ጫና ነው የያዘው። ስምንቱንም ከፈታችሁት ይነሳል፤ ስትመልሱት ቦታው ይጠፋል። አንድ እየፈቱ አንድ እያሰሩ ነው። የክሩ ውፍረት ሲቀየር ብርኩማው ትንሽ መንቀሳቀስ ይኖርበታል። መለኪያው ቀላል ነው፦ 12ኛውን ፍሬት ይዛችሁ የሚወጣው ድምፅና እዚያው ላይ ጣት በስሱ አሳርፋችሁ የሚወጣው የደወል ድምፅ እኩል መሆን አለባቸው። የተያዘው ከፍ ካለ ብርኩማውን ወደ ግርጌ፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገት ገፋ አድርጉት። በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉበት ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ነስነስ አድርጉ። አቃኘት የሚቀያይር ሰው ይህን ካላደረገ ክሩ ስንጥቁ ውስጥ ይነክስና ድምፁ እየዘለለ ይወጣል፤ አንዳንዴም ይበጠሳል።

ለመሣሪያ ነጋዴዎችም አንድ ቃል አለኝ። ነጠላ ክር ሽጡልን። አንድ ደንበኛ ቀጭኑን ጥንድ በባለ 12 ለመተካት ብሎ ሙሉ ፓኬት እንዲገዛ ይገደዳል፤ የቀረው መሳቢያ ውስጥ ይዝጋል። ከ9 እስከ 17 ያሉትን ቀጫጭኖች በነጠላ ብታስመጡ የማንዶሊን ብቻ ሳይሆን የክራርና የጊታር ሰውም ይገዛችኋል። በዚያ ላይ ደግሞ እባካችሁ ለሻጮቻችሁ የክብ ጀርባ ማንዶሊንና የጊታር ክር ልዩነት ይነገራቸው። ያ የጎደጎደ የአያት መሣሪያ እንዲያ የሆነው አንድ ጥያቄ ባለመጠየቁ ነው፦ «ማንዶሊንህ ጀርባው ክብ ነው ወይስ ጠፍጣፋ?»

የሙዚቃ አስተማሪዎችም እንዲሁ። ማንዶሊን የምታስተምሩ ከሆነ ለተማሪው ሶል–ሬ–ላ–ሚን ካስተማራችሁ በኋላ ላ–ሬ–ላ–ሬን አሳዩት። ትዝታን በመጀመሪያው ሳምንት ይጫወታል። ራሱ ሲዘፍነው ያደገውን ዜማ ከጣቱ ሲሰማ መሣሪያውን አይሰቅለውም።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ስለ ማንዶሊን ሲጽፉ እኔ ጋ ጎራ ቢሉ ደስታውን አልችለውም። ሁለት ማንዶሊን አዘጋጅቼ አቆያለሁ፤ አንዱ ሶል–ሬ–ላ–ሬ፣ አንዱ ሶል–ሬ–ሶል–ሬ። አምባሰሉንም አንቺሆዬውንም እዚያው ሰምተው ይፍረዱ።

ከአክብሮት ጋር
የክር መሣሪያ ጠጋኝ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ